ስለ ኢኮኖሚ፣ ትምህርትና ልማት ፖሊሲ ዓለም አቀፍ ጥናቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና ሳንሰማ የምንውልበት ቀን የለም። አንድ ቀን ብድር ድሃን ከድህነት ያወጣል ይባላል። በማግሥቱ አያወጣም ይባላል። አንዱ አገር በትምህርት አንደኛ ሲወጣ ሌላው ሥርዓተ ትምህርቱን ለመቀየር ይሯሯጣል። በእነዚህ ጥናቶች ላይ ተመሥርቶ በጀት ይመደባል፣ መመሪያ ይወጣል፣ ልጆች በአንድ መንገድ ወይም በሌላ ይማራሉ። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚነበቡ ማወቅ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይመስለኝም። ደጋግሜ የምሰማቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥናቶቹን የሚሠራቸው ማነው?

የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሉ። የዓለም ባንክ፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትም የራሳቸው የጥናት ክፍል አላቸው። በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የተሰባሰቡበት ኦኢሲዲ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፓሪስ ነው። የአገሮችን መረጃ እየሰበሰበ ያወዳድራል። የዩኔስኮ የትምህርት ዕቅድ ተቋምም ከ1963 ጀምሮ እዚያው ፓሪስ አለ። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ኮንሰርቲየም ደግሞ በ1988 ናይሮቢ ላይ ተቋቁሞ የአህጉሩን ኢኮኖሚስቶች ያሠለጥናል፤ ጥናታቸውንም ይደግፋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የዓለም ባንክ አበዳሪም ተመራማሪም ነው። በዚህ ምክንያት ጥናቶቹ ይጣሉ አልልም። በጣም ጥሩ ጥናቶች ከዚያ ወጥተዋል። ግን የማንኛውም ጥናት ገንዘብ ከየት እንደመጣ፣ ውጤቱ ሌላ ቢሆን ማን ቅር ይለው እንደነበር ሳይጠይቁ ማንበብ የዋህነት ነው።

አንድ ፖሊሲ መሥራቱ በምን ይታወቃል?

በንጽጽር ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ፕሮግራሙ ከመጣ በኋላ ምን ተሻሻለ?» የሚለው አይደለም። «ፕሮግራሙ ባይመጣ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ያልሆነ ነገር ነውና። የተመራማሪዎች ድካም በሙሉ ያንን ያልሆነ ነገር የሚተካ ማወዳደሪያ ለማግኘት ነው።

ማወዳደሪያው ሲበላሽ ምን እንደሚፈጠር የሚያሳይ ምሳሌ ከኬንያ አለ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ፍሊፕ ቻርት ነበራቸው። መምህሩ እየገለበጠ የሚያሳየው ትልልቅ ሥዕላዊ ወረቀት ማለት ነው። ፍሊፕ ቻርት ያላቸው ከሌላቸው ጋር ዝም ብለው ሲወዳደሩ በፈተና ውጤት ይበልጡ ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልረኩም። ፍሊፕ ቻርቱ በዘፈቀደ ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ተደረገ። በዚህኛው ንጽጽር ልዩነቱ ጠፋ። ቀድሞ ፍሊፕ ቻርት የነበረው ትምህርት ቤት ሌላም ሌላም ነገር የተሟላለት ስለነበረ ነው የሚበልጠው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ባለሥልጣን ግን በሙሉ ልብ ሚሊዮኖችን ለወረቀት ያወጣ ነበር።

በዕጣ መለየት ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው። ሜክሲኮ በ1997 ፕሮግሬሳ የሚባል ፕሮግራም ጀመረች። ድሃ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ እስከላኩ ድረስ እናቶች ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። ለጥናቱ ከተመረጡት 506 መንደሮች 320ዎቹ ቀድመው እንዲገቡ፣ 186ቱ ቆይተው እንዲገቡ በዕጣ ተለዩ። በመካከል ያለው ጊዜ ንጹሕ ማወዳደሪያ ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ ጨመሩ። በ2000 በምርጫ ሌላ ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ፕሮግራሙ አልተዘጋም። ስሙ ብቻ ተቀይሮ ቀጠለ። ይህ በፖለቲካ ውስጥ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም። ለመቆየቱ በእጅ የነበረው ማስረጃ ትልቅ ድርሻ ነበረው።

ዕጣ መጣል በማይቻልበት ጊዜ ተመራማሪዎች ታሪክ ራሱ የፈጠረውን ልዩነት ይፈልጋሉ። ኢንዶኔዥያ ከ1973 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታት ከ61,000 በላይ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠራች። ኢኮኖሚስቷ ኤስተር ዱፍሎ ትምህርት ቤት ብዙ የተሠራባቸውንና ጥቂት የተሠራባቸውን አካባቢዎች አወዳደረች። በዕድሜ የደረሱበትን ልጆች ዕድሜያቸው ካለፈባቸው ጋርም አነጻጸረች። ዕድሉን ያገኙት የበለጠ ተምረው፣ ካደጉ በኋላም የተሻለ ደመወዝ ሲያገኙ አየች። ኢኮኖሚስቶቹ ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገርም የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት በ1992 ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር ስታሳድግ ከጎረቤቷ ከፔንሲልቬንያ ጋር አወዳድረው በፈጣን ምግብ ቤቶች ሥራ ሲቀንስ አላገኙም። ብዙ ኢኮኖሚስቶች ይቀንሳል ብለው ነበር የሚጠብቁት።

በሰው ሕይወት ላይ ዕጣ መጣል ነውር አይደለም?

ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱም እንደ ሁኔታው ይለያያል። ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ የማይበቃ ከሆነ መጀመሪያ ማን ያግኝ የሚለውን አንድ ሰው መወሰኑ አይቀርም። ባለሥልጣን ወዳጁን ከሚያስቀድም ዕጣ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጥቅሙ አስቀድሞ በተረጋገጠ ነገር ላይ ግን ለጥናት ብሎ ሰውን መከልከል አይፈቀድም። ጥናቶች ከመጀመራቸው በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚያያቸው ለዚህ ነው። ሰዎቹም ምን እየተጠኑ እንደሆነ አውቀው መፍቀድ አለባቸው። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ተጠያቂው ድሃ፣ ጠያቂው እርዳታ ከሚሰጥ ድርጅት ጋር የመጣ ሲሆን «እሺ» ማለት ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

መጽሐፍ ቢታደል፣ የመምህር ደመወዝ ቢጨመር ተማሪ አይጎብዝም?

ሁላችንም አዎ ማለት ይቀናናል። እኔም እንዲሁ አስብ ነበር።

ኬንያ ገጠር ውስጥ በዘፈቀደ ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ተሰጠ። የተማሪዎቹ አማካይ ውጤት ንቅንቅ አላለም። የተጠቀሙት ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። ምክንያቱ ሲታይ ያሳዝናል። መጽሐፎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ለአብዛኞቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። አስቡት፤ ልጁ አዲስ መጽሐፍ ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ይገልጠዋል፣ አይገባውም። ከዚህ ተነስቶ መጽሐፍ አያስፈልግም ማለት ትልቅ ስህተት ነው። ያ መጽሐፍ ለዚያ ልጅ አልተጻፈም ነበር።

ኢንዶኔዥያ ደግሞ በ2005 ባወጣችው ሕግ የብቃት ማረጋገጫ ያገኙ መምህራንን መነሻ ደመወዝ በእጥፍ የሚያሳድግ አበል ፈቀደች። ተመራማሪዎች በዕጣ በተመረጡ ትምህርት ቤቶች ጭማሪው ቀድሞ እንዲደርስ አድርገው ተከታተሉ። መምህራኑ በገቢያቸው ይበልጥ ረኩ። የጎን ሥራ የሚሠሩት ቀነሱ። የተማሪዎቹ ውጤት ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላም አልተለወጠም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥናቱ የለካው ቀድሞ በሥራ ላይ የነበሩትን መምህራን ነው። ጥሩ ደመወዝ ወደፊት ጎበዝ ወጣቶችን ወደ መምህርነት ይስባል ወይ ለሚለው መልስ አይሰጥም። አንድ መምህር በሥርዓቱ እንዲኖር መክፈልም በራሱ ተገቢ ነው። ለዚያ የፈተና ውጤት ማቅረብ አይጠበቅበትም።

ታዲያ ምን ይሠራል? ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙምባይ ላይ የተመሠረተው ፕራታም የሚባል የሕንድ ድርጅት የሚጠቀምበት ዘዴ ነው። ከቀኑ የተወሰነ ሰዓት ልጆቹ በክፍላቸው ሳይሆን በችሎታቸው ይመደባሉ። ፊደል የሚለዩ አንድ ላይ፣ ቃል የሚያነቡ አንድ ላይ፣ አንቀጽ የሚያነቡ አንድ ላይ። አምስተኛ ክፍል ሆኖ ማንበብ ያልቻለ ልጅ የአምስተኛ ክፍል ትምህርት አይጫንበትም። ካለበት ይጀምራል። ዘዴው በሕንድ የተለያዩ ግዛቶች ደጋግሞ ተፈትኗል። ልጆቹ ማንበብ ላይ ለውጥ አሳይተዋል።

ነገሩ የጥቂት ልጆች ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ባንክ በ2019 ባወጣው ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ካሉ የ10 ዓመት ልጆች 53 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም ነበር። ብዙዎቹ ደግሞ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

በአንድ አገር የሠራ ፖሊሲ ሌላ አገርም ይሠራል?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህንን የማስቀድም እኔ ነኝ። አጭሩ መልስ፦ ሐሳቡ ብቻውን አይሠራም፤ የሚሠራው ሰው ነው። ረጅሙን በሁለት ታሪኮች ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው በአሜሪካ ነው። የቴነሲ ግዛት በ1985 በጀመረው ትልቅ ሙከራ ተማሪዎችና መምህራን በዕጣ ተመደቡ። አንዳንዶቹ ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባለው ክፍል፣ ሌሎቹ ከ22 እስከ 25 ተማሪ ባለው ክፍል ተማሩ። በትንንሾቹ ክፍሎች የነበሩት በግልጽ በለጡ። ውጤቱ ውሃ የሚያነሳ ነው። በ1996 የካሊፎርኒያ ግዛት ይህንን አይቶ በመላ ግዛቱ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች የተማሪ ቁጥር ቀነሰ። ክፍል ሲበዛ መምህር ያስፈልጋል። በጥድፊያ በሺዎች ተቀጠሩ። ብዙዎቹ ልምድ ወይም ሙሉ ፈቃድ አልነበራቸውም። የትንሽ ክፍል ጥቅም በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ወጣ። ቴነሲ ላይ በሙከራው የገቡት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ነበሩ፤ መምህራን ለማግኘት ችግር አልነበረም። ጥናቱ አልዋሸም። ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ።

ሁለተኛው በኬንያ ነው። በምዕራብ ኬንያ በተደረገ ሙከራ በኮንትራት የተቀጠሩ ተጨማሪ መምህራን የተማሪዎችን ውጤት አሻሻሉ። መንግሥት ሐሳቡን ወዶ በአገር ደረጃ ሊተገብረው ተነሳ። ተመራማሪዎች አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ያንኑ ፕሮግራም በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት፣ በሌሎቹ የትምህርት ሚኒስቴር እንዲያስተዳድረው በዕጣ መደቡ። ድርጅቱ በያዘው ውጤቱ ተሻሻለ። ሚኒስቴሩ በያዘው አልተሻሻለም። የመምህሩ ዓይነት ያው ነው፣ የሥራው ውልም ያው ነው። የተለየው ደመወዝ በሰዓቱ መድረሱ፣ ክትትሉ፣ ከመምህራን ማኅበር ጋር የተነሳው ክርክርና የመሳሰለው ነው።

ስለዚህ «እዚያ ሠርቷል» ሲባል እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ማን ሠራው? በስንት ሰው? በምን ክትትል? ቀድሞ እዚያ ምን ነበረ? ኖቤል የተሸለሙት ኢኮኖሚስት አንገስ ዲተንም የዕጣ ሙከራዎችን የሚተቹት በዚሁ በኩል ነው። ሙከራው የሆነውን ይነግራል፤ ለምን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ መያዣ የለውም። በዚህ እስማማለሁ። ሙከራውን ግን በዚህ ምክንያት አልጥልም።

ፒሳ ላይ አንደኛ የወጣ አገር ምርጥ ትምህርት አለው ማለት ነው?

አይደለም። ፒሳ ኦኢሲዲ ከ2000 ጀምሮ የሚያካሂደው ፈተና ነው። በ2022ቱ ዙር 81 አገሮችና ግዛቶች፣ ወደ 690,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተፈትነዋል። ሲንጋፖር በሒሳብም በንባብም በሳይንስም አንደኛ ወጣች።

ግን የሚፈተነው ማነው? ዕድሜው 15 የሆነና ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ነው። አቋርጦ የወጣው አይቆጠርም። ልጆች በብዛት በሚያቋርጡበት አገር ደካሞቹ ቀድመው ስለሚወጡ አማካዩ ከእውነታው የተሻለ ሊመስል ይችላል። ሌላም አለ። በ2009 አንደኛ የወጣችው ሻንጋይ ናት። ብዙ አርዕስተ ዜና ግን «ቻይና» ብሎ ጻፈ። አንድ ሀብታም ከተማና አንድ ሰፊ አገር ለየቅል ናቸው።

ደረጃው ራሱም ያሳስታል። በናሙና ስለሚሠራ የጥቂት ነጥብ ልዩነት ልዩነት ላይሆን ይችላል። 14ኛና 18ኛ በተግባር እኩል የሚሆኑበት ጊዜ አለ። እኔ ከደረጃው ይልቅ በአንድ አገር ውስጥ በሀብታምና በድሃ ልጆች መካከል ያለውን ርቀት ነው የማየው። ሪፖርቱ ውስጥ አለ። ጋዜጣ ላይ ብዙም አይወጣም።

«በቀን ከ3 ዶላር በታች» ሲባል በባንክ ምንዛሪ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ስሌቱ በመግዛት አቅም ነው። ማለትም በአሜሪካ 3 ዶላር የሚገዛውን ያህል ዕቃና አገልግሎት በየአገሩ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። የዓለም ባንክ ከዚያ በታች ያለ ሰው እጅግ ድሃ ነው የሚልበትን መስመር በሰኔ 2025 ከ2.15 ወደ 3 ዶላር ከፍ አደረገው። አዲስ የዋጋ መረጃ መጣ፤ ድሃ አገሮችም የራሳቸውን የድህነት ወለል አሻሽለው ነበር። የድሆች ቁጥር በአንድ ቀን ሲያድግ ካያችሁ መጀመሪያ መለኪያው ተቀይሮ እንዳይሆን አጣሩ። በሚያዝያ 2014 ናይጄሪያ የጂዲፒ (የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት) ስሌቷን ስታድስ ኢኮኖሚዋ በ89 በመቶ አደገ። በመንገድ ላይ ግን ምንም አልተቀየረም። ቀድሞ በደንብ ያልተቆጠሩት የቴሌኮምና የፊልም ሥራዎች ተቆጠሩ እንጂ።

አነስተኛ ብድር ድህነትን ያጠፋል?

በ2015 ከስድስት አገሮች የመጡ ስድስት የዕጣ ሙከራዎች አብረው ታትመው ነበር። ቦስኒያ፣ ኢትዮጵያ፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮ፣ ሞንጎሊያና ሞሮኮ ናቸው። ብድሩ አንዳንዶች ሥራቸውን እንዲያሰፉ ረድቷል። የቤተሰብን ኑሮ በአማካይ የሚለውጥ ነገር ግን አልታየም። በዚያው ዓመት በሌላ ጥናት እጅግ ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች ከብት ወይም ሌላ ጥሪት፣ ለጊዜው የሚሆን ድጎማ፣ ሥልጠናና ክትትል አንድ ላይ ሲሰጣቸው በአብዛኛው የተሻለ ውጤት ተገኘ። ጥቅሉ ግን ውድ ነው።

ተመራማሪዎች ይሳሳታሉ?

አዎ፤ አንዳንዴም ስህተቱ ውድ ነው። በ2010 ኢኮኖሚስቶቹ ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የመንግሥት ዕዳ ከጂዲፒ 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት በአማካይ ከዜሮ በታች ይሆናል፣ ኢኮኖሚው በ0.1 በመቶ ይቀንሳል ብለው ጻፉ። በዚያ ዘመን በጀት ለመቁረጥ የፈለጉ ፖለቲከኞች ጥናቱን ደጋግመው ጠቀሱት። በ2013 ቶማስ ሄርንደን የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ የኤክሴል ፋይሉን ከደራሲዎቹ ተቀብሎ ሲያይ አምስት አገሮች ከቀመሩ ወድቀዋል። በሌላም ጥያቄ የሚነሳበት አሠራር አገኘ። ከመምህሮቹ ጋር እንደገና ሲሠሩት አማካዩ 2.2 በመቶ ዕድገት ሆነ። ደራሲዎቹ የኤክሴሉን ስህተት አምነዋል፤ በቀረው ላይ ተከራክረዋል።

የዓለም ባንክም አገሮችን በንግድ አመቺነት የሚያሰልፈውን ዱዊንግ ቢዝነስ የተባለ ሪፖርት በመስከረም 2021 ዘግቶታል። በ2018 እና በ2020 ዕትሞች መረጃ ላይ ያልተገባ ለውጥ ተደርጎ ስለተገኘ ነው። አገሮች ደረጃቸውን ለማሻሻል ሲሉ ሕግ እስከመቀየር ደርሰው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምወስደው አንድ ልማድ ነው። መረጃውንና ስሌቱን ለሌሎች ክፍት ያደረገ ጥናት ካልከፈተው ይልቅ እምነቴን ያገኛል።

የሥራ ወረቀት የሚባለውን መጥቀስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን የሥራ ወረቀት መሆኑን ተናገሩ። ገና በሌሎች ምሁራን ያልተገመገመ ረቂቅ ነው። በኢኮኖሚክስ ከረቂቅ እስከ ጆርናል (ምሁራዊ መጽሔት) ዓመታት ይፈጃል፤ በመሃል ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል። የዓለም ባንክ የሥራ ወረቀቶች በነፃ ይገኛሉ። ጆርናሉ ገንዘብ ከጠየቃችሁ የደራሲውን የግል ድረ ገጽ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ እዚያ ያስቀምጡታል። ለደራሲው በኢሜይል ቢጽፉለትም አብዛኛውን ጊዜ ይልካል።

የአንድ ፕሮግራም ውጤት ለማየት ስንት ዓመት መጠበቅ አለብን?

በተለይ በትምህርትና በሕፃናት ጉዳይ ከለጋሾች ሪፖርት ጊዜም ከምርጫ ዘመንም ይረዝማል።

በ1986 እና 1987 ጃማይካ ውስጥ፣ ኪንግስተን ላይ፣ በምግብ እጥረት የቀነጨሩ 129 ሕፃናት በአንድ ጥናት ተካተቱ። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር ነበር። ለከፊሎቹ የጤና ሠራተኛ በሳምንት አንዴ ቤታቸው እየመጣች ለአንድ ሰዓት ያህል እናትና ልጅ እንዴት እንደሚጫወቱ፣ እንዴት እንደሚነጋገሩ ታሳያለች። ሁለት ዓመት ቆየ። መጫወቻዎቹ ከቤት ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት «ምን ውጤት አመጣችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ የሚያሳዩት ገንዘብ አልነበራቸውም።

ከ20 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎቹ ልጆቹን ፍለጋ ወጡ። ልጆቹ አዋቂ ሆነዋል። ከፊሎቹ ወደ አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ተሰድደዋል። እዚያም ድረስ ተከትለው ከ129ኙ 105ቱን አገኟቸው። በልጅነታቸው ያ የሳምንት አንድ ሰዓት የነበራቸው ካልነበራቸው በ25 በመቶ የበለጠ ገቢ ያገኙ ነበር።